ምልክት የማይተው ንድፊያ፦ የኢሩካንጂ ሕመም ታሪክ

በሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ በኩዊንስላንድ ጠረፍ የሚሠሩ ሐኪሞች ደኅና አድርገው የሚያውቁት አንድ ዓይነት በሽተኛ አለ። ጤነኛ፣ አብዛኛውን ጊዜም ወጣት ነው። በሙቀቱ ወራት ባሕር ውስጥ ሲዋኝ፣ ወይም የአየር ሲሊንደር አዝሎ ኮራሉንና ዓሣውን ሲጎበኝ ቆይቶ ወጥቷል። ውሃው ውስጥ ሳለ ደረቱን ወይም ክንዱን አንዳች ነገር ቆንጠጥ አድርጎት ይሆናል፤ አንዳንዱ ግን ይህንንም አያስታውስም። ለግማሽ ሰዓት ያህል ደኅና ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ወገቡን ይቆርጠው፣ ሆዱን ይጠመዝዘው፣ እግሮቹን ይሸመቅቀው ይጀምራል። ያስመልሰዋል፤ ልብሱ እስኪርስ ያልበዋል፤ የልቡ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊቱም ሽቅብ ይወጣል። መተኛትም መቀመጥም ያቅተውና አልጋው ላይ ይንቆራጠጣል። ከሁሉ የሚያስገርመው በአእምሮው ላይ የሚወርደው ፍርሃት ነው፤ መሞቱ መሆኑን በእርግጠኝነት ይናገራል። ሐኪሙ ገላውን ቢመረምር ግን ሰንበርም ሆነ ቁስል አያገኝም። ቢበዛ ቀላ ያለች ትንሽ ቦታ ያይ ይሆናል።

ሕመሙ ዛሬ የኢሩካንጂ ሕመም ይባላል። ባሕሩ ከእኛ ሩቅ ነውና ይህን በሽተኛ በጅማ ወይም በጎንደር የተኛ ሕሙማን ክፍል የምናገኝበት ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ነገር ግን በምርመራ የማይጨበጥ፣ በሽተኛው ግን በብርቱ የሚጮኽበት ሕመም ለየትኛችንም እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለውን ጩኸት አምነው የተነሡ ሁለት የጠረፍ ከተማ ሐኪሞች መንሥኤውን እንዴት እንደደረሱበት፣ አንደኛውም ለዚህ ምን ያህል ርቀው እንደሄዱ ለባልደረቦቼ መተረክ የሚገባ መስሎ ታይቶኛል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ዶክተር ሁጎ ፍሌከር ናቸው። በ1884 የተወለዱት እኚህ ሰው በራጅ ሕክምና የሠለጠኑ ሲሆኑ በ1932 ኬርንስ በተባለችው የሰሜን ኩዊንስላንድ የወደብ ከተማ ተቀመጡ። በዚያው ዓመት የአካባቢውን የተፈጥሮ ተመልካቾች ማኅበር አቋቋሙ፤ ዕፅዋት ይሰበስቡ፣ መርዛማ የሆኑትንም ይመዘግቡ ነበር። የራጅ ፊልም አንባቢ ሐኪም ቅጠል ለቅሞ ሲያደርቅ መዋሉ ለሥራ ባልደረቦቻቸው ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ሆኖም ያ ልማድ ነው ለኋላው ሥራቸው ያዘጋጃቸው። በ1935 በሄይማን ደሴት አንድ ወጣት የሾጣጣ ዛጎል ባለቤት የሆነ የባሕር ቀንድ አውጣ በእጁ ይዞ ሳለ ተነድፎ ሲሞት፣ ፍሌከር ነገሩን ተከታትለው በሚቀጥለው ዓመት በሕክምና መጽሔት አሳተሙት። ብዙዎች ውበቱን አይተው ብቻ የሚያነሡት ዛጎል ገዳይ መሆኑ በዚህ ጽሑፍ ለሐኪሞች ተገለጠ። በዚያው ቀንድ አውጣ ወገን መርዝ ላይ ከተደረገ ምርምር ዚኮኖታይድ የተባለው፣ በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ የሚሰጥ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ተገኝቶ በ2004 በአሜሪካ ለአገልግሎት ተፈቅዷል።

ፍሌከር በከተማቸው ዙሪያ በባሕር ስለተነደፉ ሰዎች መረጃ ሲያጠራቅሙ አንድ ነገር አስተዋሉ። ተነዳፊዎቹ በሁለት የተለያዩ ወገኖች ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ወዲያው ይጮኻል፤ ገላው በጅራፍ የተገረፈ ይመስል በሰንበር ይሸፈናል። ሁለተኛው ወገን ሰንበር የለውም፤ ሕመሙም ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣ ግን መላ ሰውነትን ይይዛል። በ1952 ይህን ሁለተኛውን ወገን ለብቻው ለይተው በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። የነደፈው ፍጡር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ባለመኖሩም ሕመሙን ከኬርንስ በስተ ሰሜን ባለው ጠረፍ ይኖር በነበረው ነባር ሕዝብ ስም ኢሩካንጂ ብለው ጠሩት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ አዳዲስ በሽታዎች በሕዝብ ወይም በቦታ ስም እንዳይጠሩ አሳስቧል፤ ስያሜው ዛሬ ቢሆን ኖሮ አይጸድቅም ነበር። በእኔ ግምት ግን የፍሌከር ዋና ሥራ ስያሜው ሳይሆን መለየቱ ነው። መንሥኤው ያልታወቀን ነገር ምልክቶቹን ብቻ ይዞ ከሌላው ለይቶ ማስቀመጥ በቤተ ሙከራ የሚገኝ ሳይሆን በሽተኛን በማዳመጥ ብቻ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

በጥር 1955 ካርድዌል በምትባል የጠረፍ ከተማ አንድ የአምስት ዓመት ሕፃን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ሳለ ተነድፎ በደቂቃዎች ውስጥ ሞተ። ገላው በሰንበር ተሸፍኖ ነበር፤ ማለትም ሕፃኑ የመጀመሪያው ወገን ነበረ። ፍሌከር ወሬውን እንደሰሙ ፖሊሶቹ አካባቢውን በመረብ እንዲያስሱ ጠየቁ። ከተያዙት ጄሊፊሾች መካከል አንደኛው ቅርጹ እንደ ሣጥን ባለ አራት ማዕዘን፣ ከየማዕዘኑም ብዙ ክሮች የተንጠለጠሉበት ያልታወቀ ዓይነት ነበር። ፍሌከር ይህን በአደሌድ ለሚገኙት ለዶክተር ሮናልድ ሳውዝኮት ላኩላቸው፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ አዲስ ወገንና አዲስ ዝርያ መሆኑን አረጋግጠው ካይሮኔክስ ፍሌከራይ የሚል ስም አወጡለት። የመጀመሪያው ቃል ከግሪክና ከላቲን ተጣምሮ ገዳይ እጅ የሚል ትርጉም ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለፍሌከር መታሰቢያ ነው። የዚህ ፍጡር ጃንጥላ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ክሮቹም ሲዘረጉ 3 ሜትር ይደርሳሉ። በአውስትራሊያ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ከ60 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ፍሌከር በ1957 ሲያርፉ ገዳዩ ተገኝቶ ነበር፤ ምልክት የማይተወው ነዳፊ ግን ገና አልተገኘም።

ፍለጋውን የቀጠሉት ዶክተር ጃክ ባርንስ ናቸው። እሳቸውም የኬርንስ ሐኪም ነበሩ፤ ስፔሻሊስት ሳይሆኑ ለመጣው ሁሉ ሕክምና የሚሰጡ አጠቃላይ ሐኪም። ከተነዳፊዎቹ የሰሙትን ቃል አንድ በአንድ አገናዝበው የማያውቁትን ፍጡር በሐሳባቸው ሠሩት። ማንም አላየውምና ትንሽና እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረፍ ብዙ ሆነው ይነደፋሉና በመንጋ የሚመጣ ነው። ምልክት አይተውምና ክሮቹ ጥቂትና ስስ ናቸው። ይህን የመሰለ ፍጡር ከጀልባ ላይ ሆኖ ማየት ስለማይቻል ባርንስ የመጥለቂያ ልብስ ለብሰው፣ ክብደት ታጥቀው፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ወለል ላይ ተኝተው ሽቅብ እየተመለከቱ ለሰዓታት ይቆዩ ነበር። የቀን ሥራቸው በሽተኛ ማየት ለሆነ ሰው ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚያሳጣ አንባቢ ይፍረድ።

በታኅሣሥ 1961 ፓልም ኮቭ በተባለው የባሕር ዳርቻ ሁለት ጥቃቅን ጄሊፊሾች ያዙ። የጃንጥላቸው ስፋት የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነበር፤ ከአራቱ ማዕዘን ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክር ብቻ ተንጠልጥሏል። የመንደፊያ ሕዋሳቱ በክሮቹ ላይ ብቻ ሳይሆኑ በጃንጥላው ላይም ተበትነዋል። መልኩ ከተጠረጠረው ጋር ገጠመ፤ ይሁን እንጂ መልክ ማስረጃ አይሆንም። ኬርንስ ውስጥ መርዙን የሚፈትን ቤተ ሙከራ አልነበረም፤ በእንስሳ ላይ ቢሞከርም እንስሳ ወገቤን አይልም፤ ሞት ታየኝም አይልም።

ባርንስ ጄሊፊሹን በራሳቸው ክንድ ላይ አሳረፉት። ቀጥሎ አብሯቸው የነበረ አንድ ወጣት የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ሠራተኛ ተነደፈ። ሦስተኛው የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ነበር። ንድፊያው ቀላል ስለነበር ለጥቂት ጊዜ ምንም የተለየ ነገር አልታየም። ግማሽ ሰዓት ገደማ ሲሆን ሦስቱም ሆዳቸውን ይዘው ይጎብጡ፣ ወገባቸውና እግሮቻቸው ይሸመቀቁ፣ ይንቀጠቀጡና ያስመልሳቸው ጀመር። ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ፔቲዲን በመርፌ ተሰጥቷቸው ሕመሙ ታገሠላቸው፤ ሦስቱም ዳኑ። የፍሌከር ሕመም መንሥኤ በዚህ ተረጋገጠ። ባርንስ ይህን ሁሉ፣ የልጃቸውንም ሁኔታ ሳይሸሽጉ፣ በ1964 በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት ጻፉት። በ1967 ሳውዝኮት ለፍጡሩ ካሩኪያ ባርንሳይ የሚል ስም ሰጡት።

ይህ ታሪክ በሕክምና ትምህርት ቤት ሲነገር ብዙ ጊዜ እንደ ጀግንነት ይነገራል። ሐኪም በራሱ ላይ መሞከሩ ረጅም ታሪክ ያለው ልማድ ነው፤ ጀርመናዊው ፎን ፔተንኮፈር በ1892 የኮሌራ ተሐዋስያን ያለበትን ፈሳሽ ጠጥተዋል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ሌላ ነገር ነው። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 የከብት ፈንጣጣን የከተቡት የአትክልተኛቸውን የስምንት ዓመት ልጅ ነበር፤ ባርንስ የራሳቸውን ልጅ መምረጣቸው ለብዙዎች ሚዛኑን የሚያቀልላቸው ይመስላል። ለእኔ አያቀልለውም። ባርንስ ያን ጽሑፍ ባሳተሙበት በዚያው በ1964 ዓመት የዓለም ሕክምና ማኅበር በሄልሲንኪ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምርን የሚመለከት መግለጫ አጸደቀ። መግለጫው በሕግ ራሱን ችሎ መፍቀድ ለማይችል ሰው ሕጋዊ አሳዳጊው እንዲፈቅድለት ይጠይቃል። በፓልም ኮቭ ግን አሳዳጊውና ተመራማሪው አንድ ሰው ናቸው። ልጁን ከተመራማሪው የሚጠብቅለት አባት ነው፤ አባትየው ራሱ ተመራማሪ ሲሆን ያ ጥበቃ ይቀራል።

በሌላ በኩል ሙከራው ያስገኘውን ዕውቀት መካድ አይቻልም። ባርንስ መርዙ ሰውን ሊገድል እንደሚችል አያውቁም ነበር፤ እስከዚያ ጊዜ ሰዎቹ ይሠቃያሉ እንጂ ይድኑ ነበርና። አርባ ዓመት ቆይቶ በ2002 ሁለት አገር ጎብኚዎች በኩዊንስላንድ ውሃ ተነድፈው በወራት ልዩነት ሞቱ። ከእነዚህ አንደኛው የ44 ዓመት ሰው ሲሆን የደም ግፊቱ እጅግ ከፍ ብሎ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ። መርዙ ከሰውነት ውስጥ አድሬናሊንና መሰል ንጥረ ነገሮች በብዛት እንዲለቀቁ እንደሚያደርግ፣ በከባድ ሁኔታም ልብን እንደሚያደክምና ሳንባ ውስጥ ፈሳሽ እንዲጠራቀም እንደሚያደርግ የታወቀው በእነዚህ ዓመታት ነው። ያን ቀን በፓልም ኮቭ የነበረው አደጋ ባርንስ ከገመቱት በላይ ነበረ ማለት ነው።

የባርንስ ሌላው ሥራ በዚህ ታሪክ ጥላ ተሸፍኖ ቀርቷል፤ ለእኔ ግን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ያ ነው። የገዳዩን ሣጥን መሰል ጄሊፊሽ መርዝ ለማጥናት መርዙን ከክሩ ሥጋ ለይቶ ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ክሩ ተፈጭቶ ሲጨመቅ የሚገኘው ብዙ ነገር የተቀላቀለበት ፈሳሽ ነው። የመንደፊያ ሕዋሱ ሲነካ ከውስጡ እንደ መርፌ የሾለ ቱቦ ተወርውሮ ቆዳ ይበሳል። ስለዚህ ባርንስ ቆዳን የሚተካ ስስ ነገር ፈለጉ፤ ያገኙትም በማዋለጃ ክፍል ከእንግዴ ልጅ ጋር የሚጣለውን ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑን ወጥረው በአንድ በኩል ሕያው ክር ያሳርፉበታል፤ በኤሌክትሪክ ሲነኩት ሕዋሳቱ ሽፋኑን ወግተው መርዛቸውን በወዲያኛው በኩል ያንጠባጥባሉ፤ እሱም ንጹሕ ሆኖ ይሰበሰባል። አዋላጅ ነርሶቻችን በየቀኑ የሚያስወግዱት ነገር በአስተዋይ እጅ የምርምር መሣሪያ ሆነ። በ1970 በሜልቦርን የሚገኘው የመንግሥት የሴረም ላቦራቶሪ በበጎች ደም አማካይነት ለካይሮኔክስ መርዝ ማርከሻ አዘጋጀ። ለኢሩካንጂ ግን እስከ ዛሬ ማርከሻ የለውም።

የመጀመሪያ እርዳታው ታሪክ ደግሞ ብዙ ትሕትና የሚያስተምር ነው። ለረጅም ዓመታት በተነደፈ ገላ ላይ የተጣበቀውን ክር ለማስለቀቅ ስፒሪት እንዲፈስበት ይመከር ነበር። በ1980 የኩዊንስላንድ ተመራማሪዎች ይህንን በሙከራ ሲያዩት ስፒሪቱ ገና ያልተተኮሱትን ሕዋሳት የሚያስተኩስ ሆኖ ተገኘ፤ በየማእድ ቤቱ ያለው አቼቶ ግን በግማሽ ደቂቃ ውስጥ እንዳይተኮሱ ያደርጋቸዋል። ለእባብ ንድፊያ የሚጠቅመው የጥብቅ ፋሻ ዘዴም ለጄሊፊሽ ተመክሮ ነበር፤ መርዝ ሊያስጨምር ይችላል ተብሎ ኋላ ቀረ። በ2014 ደግሞ አቼቶ ቀድሞ የተተኮሱትን ሕዋሳት ተጨማሪ መርዝ ያስለቅቃቸዋል የሚል የቤተ ሙከራ ውጤት ታትሞ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት የአቼቶን ጥቅም ደግፏል። የአውስትራሊያ የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም ለሐሩር ጠረፍ አቼቶን እንደያዘ ነው። አቼቶ ተጨማሪ መርዝ እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ የገባውን አያረክስም፤ ሕመምም አያስታግሥም።

ኤክላምፕሲያ ላለባት እናት ሁላችንም የምንሰጠው ማግኒዥየም ሰልፌትም በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ደም ግፊትን የሚያወርድና የአድሬናሊንን መለቀቅ የሚገታ መድኃኒት በመሆኑ ለኢሩካንጂም እንዲሰጥ ሐሳብ ቀረበ፤ በ2003 መልካም ውጤት ያገኘ የአንድ በሽተኛ ታሪክ ታተመ፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ተቀበሉት። በ2012 ግን በሽተኞችን በዕጣ ከፍሎ የተደረገ ጥናት የተለየ ጥቅም ሊያሳይ አልቻለም። አንድ ጥሩ ውጤት ባየን ቁጥር ወደ ዎርዳችን መመሪያ ለምንቸኩል ሰዎች ይህን ማስታወሱ አይከፋም።

ከ1943 ወዲህ፣ ፈረንሳውያኑ ኩስቶና ጋኛን ጠላቂው በጀርባው አዝሎት የሚተነፍስበትን መሣሪያ ከሠሩ በኋላ፣ ባሕር ሥር መግባት የወታደርና የዕንቁ ለቃሚ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የዕረፍት ጊዜ መዝናኛ ሆነ። በ1981 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ 2,300 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ታላቁ የኮራል ሪፍ ከኬርንስ ፊት ለፊት የሚገኝ በመሆኑ ከተማዋ የዓለም ጠላቂዎች መናኸሪያ ሆነች። ይህም ለሐኪሙ አዲስ ችግር አመጣበት። ጠላቂው በመጥለቂያ ልብስ ተሸፍኖ ከንፈሩና እጁ ብቻ የተራቆቱ ቢሆኑም ሊነደፍ ይችላል፤ ከወጣ በኋላም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወገቡን ሲያመውና ሲያስመልሰው የመጀመሪያው ጥርጣሬ ከጥልቅ በፍጥነት የወጣ ሰው በደሙና በሥጋው ውስጥ በሚፈጠሩ የናይትሮጂን አረፋዎች የሚይዘው ሕመም ነው። ያ ከሆነ ሰውየው ለሰዓታት በግፊት ክፍል ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ኢሩካንጂ ከሆነ ግን የሚያስፈልገው ማስታገሻና የደም ግፊት ክትትል ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ታስሮ መቆየቱ ሊጎዳው ይችላል። የኩዊንስላንድ ሐኪሞች ይህን አደጋ በ1997 በጽሑፍ አስጠንቅቀዋል። በ2003 ደግሞ ተመሳሳይ ሕመም በአሜሪካ በፍሎሪዳ ደቡብ ጠረፍ በሚጠልቁ ሰዎች ላይ መታየቱ ተዘገበ፤ ሕመሙ የአንድ ጠረፍ ብቻ አለመሆኑም ታወቀ። በሃዋይና በታይላንድም ታይቷል። መንሥኤውም ካሩኪያ ብቻ ሳይሆን በርከት ያሉ የሣጥን ጄሊፊሽ ዝርያዎች መሆናቸው ዛሬ ይታወቃል። ሐኪሙን የሚረዳው ሕመሙ እንደ ምጥ በማዕበል መምጣቱ፣ ላብና የደም ግፊት መጨመሩ፣ ያ የሞት ፍርሃትም ነው።

ዋናተኞችን ለመጠበቅ በበጋው ወራት በባሕር ዳርቻ የሚዘረጋው መረብ ትልቁን ካይሮኔክስ ይከለክላል፤ ትንሹን ካሩኪያ ግን አይዘውም፤ በቀዳዳው ሾልኮ ያልፋልና። ቀድሞ የኩዊንስላንድ የነፍስ አድን ሠራተኞች፣ ትልልቅ ወንዶች ሁሉ፣ በየጠረፉ ሳቅ ቢያስነሣባቸውም የሴቶች ስስ የናይለን ረጅም ካልሲ በእግራቸውና በክንዳቸው ያጠልቁ ነበር፤ የመንደፊያው ሕዋስ ቆዳ እንዳይነካ ያ ስስ ጨርቅ ይበቃልና። ዛሬ ወደ ኮራሉ የሚሄዱ ጀልባዎች ለጎብኚዎች ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን የላይክራ ልብስ ያከራያሉ፤ በየዳርቻውም የአቼቶ ጠርሙስ የተሰቀለባቸው ምሰሶዎች ቆመዋል።

ባርንስ በ1985 አረፉ። እሳቸውና ልጃቸው በ1961 እፎይ ያሉት በፔቲዲን ነበር። ዛሬ በኬርንስ የድንገተኛ ክፍል በአብዛኛው ፌንታኒል ይሰጣል፤ የደም ግፊቱ ሽቅብ ለወጣበትም ማውረጃ ይጨመርለታል፤ ልቡም በኤሌክትሮካርዲዮግራምና በደም ምርመራ ይታያል። አብዛኛው በሽተኛ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ቤቱ ይሄዳል።